የጋሽ ይርጋ የማታ ክኒን

ጋሽ ይርጋ ማረፋቸውን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። በምሳ ሰዓት ስልኳን እያየች ነበር፤ ድንገት ቀና ብላ አየችኝና ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የላኩት መልእክት ነው። ፎቶግራፋቸው ከላይ አለ፤ ከሥሩ ቀብራቸው የሚፈጸምበት ቦታ ተጽፏል። ፎቶው ላይ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ይስቃሉ። ሌሎቹ ተነሥተው ወደ ማሽኑ ሲመለሱ እኔም ተከትያቸው ሄድኩና ካርቶን ማሸጌን ቀጠልኩ። አለቃችን መጥቶ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው ካርቶኖቹን ሁሉ ባዶአቸውን ስዘጋ እንደቆየሁ ያየሁት።

ቀብሩ ላይ ስለ ደግነታቸው ብዙ ተነገረ። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ያን ደግነት በቅርብ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ክው እላለሁ። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ ስላላለፈ የምጽፈው እንደማወራው ነው።

ጋሽ ይርጋን ያወቅኋቸው እዚህ ሆላንድ፣ ዛንዳም ከተማ ባለው የደረቅ ዳቦ ፋብሪካ ነው። ሁለታችንም የምንኖረው ቢልመር ሰፈር ስለነበር ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ሥራ የገባሁ ሰሞን ካርቶን አስተጣጠፍ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚስቅ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ቀድመው አርፈዋል፤ ልጅ አልወለዱም።

እዚህ አገር ሰው ምሳውን በየሣጥኑ ይዞ ይመጣል፤ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ለብቻው ይበላል፣ ይዘጋል። ማንም ማንንም አያይም፤ ነውርም አይደለም። ጋሽ ይርጋ ይህን ነገር መልመድ አልቻሉም። ዳቧቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ዙሪያ በተቀመጠው ሰው ልክ ይቆርሱታል። «እጅሽን አምጪ» ይላሉ። ለሆላንዶቹ ደግሞ «ሃንድ» ብቻ። ሆላንዶቹ መጀመሪያ ፈገግ ብለው፣ ኧረ እኛም ይዘናል አሏቸው። ጋሽ ይርጋ አልተከራከሩም። ቁራሾቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ራሳቸውም አይበሉም። የእረፍቱ ሰዓት ሊያልቅ ሲል አንዱ ይጨንቀውና ያነሣል፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ጠረጴዛ አንዱ አይብ፣ ሌላው ፖም፣ ሌላው ከእናቱ ቤት ያመጣውን ኬክ የሚያቀርብበት ሆነ። አንድ ፖላንዳዊ፣ በዚህ ሽማግሌ ምክንያት ሱሪዬ ጠበበኝ እያለ ያማርር ነበር።

ከዚያ ታመሙ። ደረጃ ሲወጡ ይደክማቸው ጀመር፤ ሌሊት በላብ ተጠምቀው እንደሚነቁም አንድ ቀን ባቡር ውስጥ እንደ ቀልድ ነገሩኝ። ደማቸው ሲመረመር የደም ካንሰር ሆነ። ቶሎ የሚገድለው ዓይነት አይደለም፤ በክኒን እየተያዘ ከሰው ጋር ዓመታት የሚኖረው ነው ተባለ። እውነትም ኖሩበት። እየሠሩ፣ እየሳቁ፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ተኝተው እየዋሉ። በሽታው አንዱን ክኒን ሲለምደው ሌላ ይቀየርላቸዋል። በመጨረሻ የሚቀየር ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ሮተርዳም ወዳለ ሆስፒታል የተላኩት። እዚያ ገና በጥናት ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት አለ፤ ፈቃደኛ ለሆኑ ጥቂት በሽተኞች ይሰጣል። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር፣ ይህ ካልሠራ ሌላ የምሰጥዎ የለኝም ብላ በግልጽ ነገረቻቸው።

ለምርመራ ደም ከተወሰደባቸው በኋላ ስለሚያዞራቸው ብቻቸውን መመለስ አይችሉም። አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ሆላንድኛ ከእኔ የሚበልጡ ስንት ልጆች እያሉ ለምን እኔን እንደመረጡ ብጠይቃቸው፣ «አንቺ አትለፈልፊም» አሉኝ። ሐኪሞቹ የሚሉትን በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ነበር፤ ድምፁን እንሰማለን እንጂ አይተነው አናውቅም። የእኔ ሥራ ኮታቸውን መያዝና ክንዳቸውን መደገፍ ነበር።

ዶክተሯ አስረድታ አትሰለችም። የገዛ ደማቸውን በኮምፒውተር አሳየቻቸው። ክብ ክብ ነገሮች ተጨናንቀው ይታያሉ። ጤነኛ ሕዋስ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይሞታል፣ ቦታውን ለሌላ ይለቃል፤ እነዚህ ግን መሞት አቁመዋል፣ ይራባሉ እንጂ አይሄዱም አለች። ጋሽ ይርጋ ተጠግተው ብዙ አዩዋቸውና፣ «እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤቱን የወረሰ ዘመድ በዪኛ» አሉ። በስልክ ያለው ሰው ሲተረጉመው ዶክተሯ ሳቀች። የሆስፒታሉ ሻይ ሲመጣ ከሻይዋ ጋር ያለችውን አንዲት ብስኩት ከሁለት ሰብረው ለእሷ ዘረጉ። አይሆንም፣ ከበሽተኛ አልቀበልም አለች። እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ። ተቀበለቻቸው።

ዘነበችን ያገኘናት እዚያው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና በአማርኛ ስትጸልይ ሰምተው ጋሽ ይርጋ አጠገቧ ሄደው ተቀመጡ። በሽታዋ የእሳቸው ዓይነት ነው። ጥናቱ ውስጥ እንዲያስገቧት ለምና፣ ከዚህ በፊት የወሰድሽው ሕክምና ውጤቱን ያዛባብናል ብለው እንደማይቀበሏት የነገሯት የዚያን ዕለት ነበር። ልጅ አላት፤ ገና ትምህርት ቤት የምትሄድ። ጋሽ ይርጋ ስልክ ቁጥሯን ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ከሮተርዳም ስንመለስ ሁልጊዜ ዴን ሃግ መውረድ ጀመሩ። እሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ የቢሮ ቁልፎቿን በወገቧ አንጠልጥላ ጣቢያው ወንበር ላይ ትጠብቀናለች። ሾርባ በፔርሙስ ታመጣላቸዋለች። ጋሽ ይርጋ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ ስለሆነች መነካካት ያበዛሉ። አንድ እሁድ እንኳ እኛ ጋ ይምጡ እንጂ ጋሼ ስትላቸው፣ እናንተ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚጸለየው፣ እኔ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንቅልፌ ይመጣል ይሏታል። ልባቸው ለዚች ሴት ደንግጦ ይሆን ብዬም ጠርጥሬ ነበር።

አንድ ቀን ባቡር ውስጥ ዶክተሯ የሰጠቻቸውን የክኒን ብልቃጥ ከፈቱ። ከኪሳቸው ባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ አወጡ። ክኒኖቹን ጭናቸው ላይ በተዘረጋ መሐረብ አፍስሰው፣ አንድ ለዚህ አንድ ለዚያ እያሉ ግማሹን ወደ ቆርቆሮው ጨመሩ። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ነው። የጠዋቱን እሳቸው ይወስዳሉ፤ የማታው የዘነበች ነው። ከሾርባው ጀርባ የነበረው ነገር ይህ ነበር።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አሉኝ። «ለብቻዬ ልዋጠው ኖሯል?»

ጋሼ፣ ይህ እኮ ዳቦ አይደለም አልኳቸው። ድምፄ ስለማይወጣ ደግመው አስባሉኝ። ሰሙኝና ቆርቆሮውን ከደኑ። ዘነበች እንዳታውቅ አስጠነቀቁኝ፤ ለእሷ ያሏት፣ ሐኪሞቹ ትርፍ ይሰጡኛል ነው። ግማሹን ከወሰድኩ ግማሽ ዕድሜ አገኛለሁ፣ እሷም ግማሽ ታገኛለች፣ ልጇ እስክታድግ ይበቃት ይሆናል አሉኝ። ሒሳቡ ለእሳቸው የዳቦው ሒሳብ ነበር። እኔም ከዚያ የተሻለ ሒሳብ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታሉ ብልቃጡን ባዶውን ይቀበላል፤ ክኒኑ በትክክል አልቋል። ደማቸው ግን ሌላ ይናገራል። ዶክተሯ ግራ ተጋባች። መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ መገኘት ከሚገባው በግማሽ ያነሰ ነው። በትክክል ይውጡ እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ «ብልቃጡን አላየሽም?» አሉ፤ ውሸት እንዳይሆንባቸው እንዲህ ነው የመለሱት። ደግማ ቀዳች፣ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀጠሮ ዓይኗ እያበራ መጣች። የአንዳንድ ሰው ጉበት አንዳንድ መድኃኒት ከሌላው ሰው ቶሎ እንደሚያቃጥል፣ ይህም በዘር የሚወረስ፣ በአንዳንድ አገር ሰዎችም በብዛት የሚታይ ነገር እንደሆነ ነገረችን። የእርስዎም ሰውነት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፣ ከእርስዎ አዲስ ነገር እየተማርን ነው አለች። መጠኑን እጥፍ ልታደርግላቸው ወሰነች። የልብ ምታቸው ከተዛባ ወዲያው እንዲደውሉ አስጠነቀቀቻቸው፤ ቶሎ የማያቃጥለው ሰው ይህን ያህል ቢወስድ ልቡ ሊቆም ይችላል አለች።

ከዚያ ክፍል ስንወጣ ጋሽ ይርጋ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። አሁን ለሁለታችንም በቃን አሉ። እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ሰጠን። እኔ እንኳ አብሬ ሳቅሁ። እውነትም ከዚያ በኋላ ያማረባቸው ወራት መጡ። ደማቸው ዶክተሯ የጠበቀችውን ያህል ሆነ። ፊታቸው ቀላ፤ ደረጃውን ያለ እኔ ክንድ ወጡት። ዘነበችም ወፍራ፣ ልጇን ይዛ አንድ ቅዳሜ ቢልመር ድረስ መጥታ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም ሙሉውን እየወሰዱ ነው፤ የሚጎዳ ሰው የለም። እኔ እንዲህ ነበር የመሰለኝ።

ቀጥሎ በመጣው ቀጠሮ ዶክተሯ ደስ ብሏት ነበር። ስም ልነግርዎ አልችልም፣ ግን ከአገርዎ የመጣ አንድ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ጥናቱን ይጀምራል አለቻቸው። እንደ እርስዎ ጊዜ እንዳናባክንበት ከመጀመሪያው በእጥፉ መጠን እናስጀምረዋለን። ይህ የእርስዎ ውለታ ነው፣ አመሰግናለሁ።

የስልኩ ሰው ይህን ተረጎመ። ጋሽ ይርጋ ከወንበራቸው ተነሡ። ኮታቸውን አለበስኳቸው፤ ወጣን። የትራም ፌርማታው ጋ ስንደርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ትራሙ መጣ፤ አልተነሡም። ሄደ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የገዛ ልባቸውን የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

«ልቡ ይቆማል አላለችም?» አሉኝ።

ብላለች አልኳቸው።

ከተናገሩ ከጥናቱ እንደሚወጡ ያውቃሉ። ሌላ መድኃኒት እንደሌለም ያውቃሉ። የዘነበችም እንደሚቀር ያውቃሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁለተኛው ትራም ሲመጣ እንዲሳፈሩ በልቤ እለምን ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ሆስፒታሉ አዞሩ።

የስልክ አስተርጓሚው ይጠራልን ብላቸው እምቢ አሉ። የማላየው ሰው ጆሮ ላይ ይህን አልናገርም፣ አንቺ ንገሪያት አሉኝ። ዶክተሯ ፊት ቆምኩ። ሆላንድኛዬ የፋብሪካ ሆላንድኛ ነው፤ ካርቶን፣ ፍጥነት፣ እረፍት። ጋሽ ይርጋ በአማርኛ ይላሉ፣ እኔ እደግማለሁ።

«የማታውን ክኒን እሳቸው አልዋጡትም» አልኩ። «ለሌላ ሰው ነው የሰጡት። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ለሌላ ሰው?» አለች። ደግማም ጠየቀችኝ፤ በትክክል ያልተናገርኩ መስሏት። ከዚያ ፊቷ ነጣ። እኛን ምንም ሳትል ስልኳን አነሣችና እንደቆመች ደወለች። ስለዚያ ስለማናውቀው ሰው ነበር። እጥፉ ይሰረዝ፣ ከመጀመሪያው መጠን ይጀምር ስትል ገባኝ። ስትጨርስ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች፤ ብስኩቷን እንኳ ከሁለት ሰብረው ሰጥተውኝ እንዴት አልገመትኩም ብላ ግንባሯን ያዘች።

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። ያስረዳችን ነገር ግን ከቁጣ የባሰ ነው። በአማርኛ ለማስተላለፍ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ያልገባኝን እየደጋገምኩ ጠየቅኋት። ሙሉው መድኃኒት እነዚያን የማይሞቱ ሕዋሳት ይገድላል። ግማሹ ግን ግማሹን ገድሎ አያቆምም። ደካሞቹን ይገድልና ጠንካሮቹን ይተዋል። የተረፉት መድኃኒቱን አውቀውታል፤ የሚራቡት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግማሽ እየወሰዱ የቆዩት፣ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ አድርጎት ይሆናል አለች።

ይህን ስነግራቸው ስለ ራሳቸው አልጠየቁም። «እሷንም?» አሉ። «እሷም ግማሽ ነበር የምትወስደው። እኔ ነኝ ያስለመድኩባት በያት።»

ዶክተሯ ሳይመረመር አይታወቅም አለች። ሴትየዋ ቶሎ ትምጣ፣ እጇ ላይ የቀረውን ክኒን ትመልስ፣ ከእንግዲህ አንድም እንዳትውጥ አለች። እሳቸው በጥናቱ መቀጠል እንደማይችሉ ስትናገር ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ጋሽ ይርጋ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና ወጣን።

ከደግነት ክፉ ነገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ እየሄድን፣ እኚህ ሰው በሕይወታቸው ሙሉ አንድ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ያላቸውን ማካፈል ነው፤ እሱው ነው የጎዳቸው፣ እያልኩ ክንዳቸውን ያዝኩ። ያን ዕለት የተደገፍኩት እኔ ነኝ።

ዴን ሃግ ወረድን። ዘነበች እንደ ሁልጊዜው ፔርሙሷን ይዛ ከወንበሯ ተነሣች። ጋሽ ይርጋ አስቀመጧትና ሁሉንም ነገሯት፤ ትርፍ አለመኖሩን፣ የራሳቸውን እንደነበር የሚሰጧት፣ ዶክተሯ ያለችውን። አንዱንም አልደበቁም። አጠገባችን ሰው እየተጋፋ ወደ ባቡር ይገባል። ዘነበች መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የእርስዎን ዕድሜ ነው የበላሁት?» አለች።

«አብረን ነው የበላነው» አሏት። «የበሰለ መስሎኝ ጥሬውን አበላሁሽ። ይቅር በዪኝ።»

ከቦርሳዋ የከረሜላውን ቆርቆሮ አወጣች። ጥቂት ክኒኖች ቀርተዋል። ዶክተሯ ያለችውን የረሳች ይመስል፣ የእርስዎ ነው፣ ይዋጡት ብላ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። እሳቸው መልሰው እጇ ላይ አደረጉት። ልጅ አለሽ አሏት። እሷ ኪሳቸው ውስጥ ልትከት ታገለች። ምግብ ቤት ሒሳብ ለመክፈል እንደሚጓተቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ይገፋፋሉ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ቆርቆሮውን ከመካከላቸው ነጠቅሁ። ማንም አይውጠውም ብዬ ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። እንዲያ ጮሄ አላውቅም።

ዘነበች በሳምንቱ ዶክተሯ ዘንድ ቀረበች። በሽታዋ ምን ያህል እንደለመደው በእርግጥ የነገራት የለም። ሌላ ሕክምና ጀመሩላት፤ አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ድክም እያላት ዛሬም ሥራዋን ትሠራለች። ጋሽ ይርጋ ያለ መድኃኒት ብዙ አልቆዩም፤ ቀብራቸው ላይ መጥታ ነበር። ተያየን።

ያን ቀን ግን ወደ ቢልመር ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ቆርቆሮው በእኔ ቦርሳ ነበር። ጋሽ ይርጋ በመስኮት ሜዳውንና ላሞቹን ያያሉ። በመጨረሻ፣ ያ የሚጀምረው ሰውዬ ዕድሜው ስንት ይሆን ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ልጆች ይኖሩት ይሆን አሉ። እሱንም አላውቅም፤ ከፈለጉ ክኒኑን ስመልስ ዶክተሯን እጠይቅልዎታለሁ፣ ስሙን ባትነግረኝም ይህን ትነግረኝ ይሆናል አልኳቸው።

አሰቡበት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተዪው፣ አትጠይቂ» አሉኝ። «ካወቅሁት ልጠይቀው መሄዴ አይቀርም። ታማሚ ቤት ደግሞ ባዶ እጄን መሄድ አልችልበትም።»